ጾሙን ትቶ በዓሉን ስለ መሻት

በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወጣቱ ሁሉ ዕረፍት በሚወጣበት ወራት፣ በእኛ ዘንድ ግን ሰማዩ ጠቍሮ፣ ገበሬው ከአረም ላይ ቀና ሳይል ውሎ፣ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጉም ተከናንቦ በሚያድርበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ለአገልግሎትና ለበረከት ብለው በማኅበር ባሕር ተሻግረው ወደ ላሊበላ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። አንዳንዶቹ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹም በባዕድ አገር ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን ከእናታቸው አፍ ብቻ የሰሙ የራሳችን ልጆች ናቸው። መምጣታቸውን የሚነቅፍ ሰው ቢገኝ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። የምነቅፈው ጕዞውን የሚመራውን አሳብ ነው፤ ይህም አሳብ በአዘጋጆቹ ብቻ ሳይሆን በእኛም በተቀባዮቹ ዘንድ፣ በሆቴሉም በአስጎብኚውም በቤተ ክህነቱም አካባቢ እጅግ ከመሠልጠኑ የተነሣ፣ ማንም ሳይመረምረው እንደ ተደነገገ ቀኖና የሚነገር ሆኗል። አሳቡም እንዲህ ነው፤ እምነት ፍሬ፣ ባህል ገለባ ነው፤ ፍሬው በዓለም ሁሉ አንድ ስለ ሆነ እንግዳው በደረሰበት ቀን ይካፈለዋል፤ ገለባው ግን በየአገሩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ እንግዳው በዓይኑ ያየዋል፣ በምላሱ ይቀምሰዋል፣ በፎቶግራፍ ያነሣዋል። ስለዚህም የጕዞው መርሐ ግብር ለሁለት ይከፈላል፤ ከቀትር በፊት እምነትን መካፈል፣ ከቀትር በኋላ ባህልን መቅመስ።

ይህ አከፋፈል ላሊበላ ባለችበት በላስታ ምድር ከቶ አይሠራም፤ የሚሠራ እየመሰለንም ለእንግዶቹ እምነቱንም ባህሉንም ሳንሰጥ እንሸኛቸዋለን። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የሚመጡበትን ወራት ራሱን መመልከት ይበቃል። ነሐሴ በባተ ዕለት ጾመ ፍልሰታ ይገባል። በቀሩት አጽዋማት ደከመኝ የሚለው ሰው እንኳ ይህን ጾም አይተወውም፤ ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን ከአዋቂው ጋር እኩል ይጾመዋልና የሕፃናት ጾም እስከ መባል ደርሷል። ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና ዕንቍላል ከቤት ይርቃሉ፤ ሱባኤ የያዘው ሰው ጥሬ ቆርጥሞ ውኃ ይጠጣል፤ ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፣ በማለዳ ውዳሴ ማርያም ይተረጐማል፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ይገባል፣ እስኪወጣም ድረስ የሚቀመስ ነገር የለም። በዚህ ሰዓት በላሊበላ በቤተ ማርያም ዐፀድ የቆመ ሰው የሚያየው ይህ ነው፤ ዝናቡ በዐለቱ ግድግዳ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወደ ታች ይወርዳል፤ እናቶች በነጠላቸው ላይ ላስቲክ ደርበው፣ ጫማቸውን ከደጃፉ አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን በቀዘቀዘው ድንጋይ ላይ ተክለው ይቆማሉ፤ ከመካከላቸው አንዲቱ ከትላንት ማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰ ልጇን ከጉልበቷ አስጠግታ ይዛለች፤ ልጁ ቀና ብሎ ያያታል፣ እርሷም ሳትናገር በዓይኗ ጥቂት ቀረህ ትለዋለች፤ ቈርቦ ሲመለስ የነጠላውን ጫፍ በአፉ ላይ አድርጎ፣ ጠበሉን እስኪጠጣ ድረስ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ያልፋል።

እንግዲህ ባህልና እምነት ሁለት ናቸው የሚለን ሰው ከዚህ ሁሉ የትኛው ባህል፣ የትኛው እምነት እንደ ሆነ ለይቶ ያሳየን። የነጠላው አጣፋ ባህል ነውን? በመስቀለኛ የሚጣፋው በቅዳሴ ለመቆም ነውና እምነት ነው። የእናቲቱ ሽሮ ድስት ባህል ነውን? ከጾሙ በፊት ታጥቦና ታጥኖ ቅቤ እንዳይነካው የተጠበቀ ነውና እርሱም እምነት ነው። ቅዳሴው እምነት ብቻ ነውን? በከበሮና በጸናጽል፣ በመቋሚያና በወረብ የሚመሰገነው ምስጋና ከዚህ አገር ሰው ጉሮሮና ትከሻ የወጣ ነውና ባህልም ነው። የላስታ ሰው ዘመኑን በቅዱሳን ስም ይቈጥራል፤ ብድር የሚመለስበትን ቀን በሚካኤል፣ ሠርጉን ከጾም በፊት ወይም ከጾም በኋላ ብሎ ይቀጥራል፤ ማኅበርና ሰንበቴ ዳቦና ጠላ የሚቀርብባቸው ጸሎቶች ናቸው። ፍሬውን ከገለባው የሚለየው ጎተራ የሚያስገባ ሰው ነው፤ በማሳው ላይ ሳለ ግን ገለባውን የገፈፈ ፍሬውን ያጠፋዋል፤ ሃይማኖትም በሰው ኑሮ ውስጥ ሳለ ሁልጊዜ በማሳው ላይ ያለ እህል ነው።

ይህ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በአሸንድዬ ነው። ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን ዕርገት ሲከበር ጾሙ ይፈታል፤ የላስታ ልጃገረዶችም ጠጕራቸውን ተሠርተው፣ ረጅሙን የአሸንድዬ ሣር በወገባቸው ዙሪያ አስረው፣ ከበሮ ይዘው አስቀድመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጫወታሉ። በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው ይኸው በዓል ነው። እንግዶች ይህን በዓል እጅግ ይወዱታል፤ መውደዳቸውም ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ያች ልጅ በዚያ ቀን እንዲያ የምትፈነድቀው ስለ ምንድር ነው? አሥራ አምስት ቀን ሙሉ በዝናብ ስትመላለስ፣ ስትጾምና ስትሰግድ፣ ከእኩዮቿ ጋር ለሥጋ ወደሙ ስትሰለፍ ሰንብታ የሐዋርያትን ሱባኤ ከፍጻሜው አድርሳለችና ነው። ደስታው የጾሙ ሁለተኛ እጅ ነው። ጾሙን በሆቴል ምግብ ቤት አሳልፎ በዓሉን ለማየት ከደጅ የቆመ እንግዳ ባህል አየሁ ቢል ጭፈራውን ብቻ አይቷል፤ እምነት ተካፈልሁ ቢል ደግሞ ልጅቷ የተካፈለችውን አልተካፈለም። ወጣቶቹን ግን አልወቅሳቸውም፤ መርሐ ግብሩን ያዘጋጀላቸው ሰው ነሐሴ 1 ቀንን ከነሐሴ 16 ቀን ቈርጦ ሰጣቸው።

እምነትን ከኑሮው ልጦ ማውጣት ይቻላል የሚለው አሳብ በዚህ ምድር ሲፈተን የመጀመሪያው አይደለም፤ ላስታም ፍርዱን ከሰጠች አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው። ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ግእዝንና አማርኛን ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጋር በትዕግሥት ተከራክሮ፣ የአገሩን ታሪክ በመጽሐፍ እስከ መጻፍ የደረሰ ሰው ነበር፤ ከትምህርቱ ጋር ባልስማማም ይህን ትጋቱን አልክድም። ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 ካረፈ በኋላ በፓትርያርክነት የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ክርስቶስ አንድ ከሆነ የአገሩ ሥርዓት ምን ያደርጋል እንደ ማለት፣ የተጠመቀውን ሕዝብ ዳግመኛ ማጥመቅ፣ የተካኑትን ካህናት ዳግመኛ መካን፣ ቀዳሚት ሰንበትን መሻር፣ አጽዋማትንና በዓላትን ወደ ሮማ አቈጣጠር ማዛወር ጀመረ። ለእርሱ እነዚህ ሁሉ ገለባ ነበሩ። ለላስታ ገበሬ ግን ጾሙን ያዛወረ ሰው እግዚአብሔርን ራሱን ያዛወረበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1629 መልክአ ክርስቶስን አንግሦ የተነሣው የላስታ ሕዝብ ነፍጥ ከያዘው፣ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ ከዐፄ ሱስንዮስ ጭፍራ ጋር ለዓመታት ተዋጋ፤ በሰኔ 1624 ዓ.ም.፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1632፣ በተደረገው ታላቅ ውጊያም በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ገበሬ አለቀ። ዐፄ ሱስንዮስ ድል አደረገ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ የወደቁት አረማውያን ሳይሆኑ ክርስቲያኖች መሆናቸውን አይቶ፣ በዚያው ወር የቀደመችው ሃይማኖት እንድትመለስ ዐዋጅ ነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በጦርነት የተሸነፈው ላስታ በነገሩ ረታ። የዛሬዎቹ ወጣቶች ነፍጥ ይዘው አልመጡም፤ ልባቸውም የዋህ ነው፤ ስለዚህ ከሜንዴዝ ጋር አንድ አላደርጋቸውም። ነገር ግን በየዋህነትም ቢሆን የሚመሩበት አሳብ ያው ነው፤ በሥርዓቱ ሳይገቡ በእምነቱ መገናኘት ይቻላል የሚለው።

ከዚህ በተቃራኒው የቆሙትን እንግዶች እንመልከት፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን ለባዕድ በሯን የዘጋች ናት የሚለውንም ነቀፋ እነርሱ ይመልሱልናል። ክርስትናን ለአክሱም የሰበከው ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበር፤ እኛ ግን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን በራሳችን አባትነት እንጠራዋለን። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሮምና ከሶርያ ምድር የመጡ ነበሩ፤ መጥተው ግእዝ ተማሩ፣ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱ፣ በአገሩ በዓትና በአገሩ ጥሬ ኖረው በአገሩ ቀሩ። በላሊበላ ራሷ ከዐለት ከተፈለፈሉት ከዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ፣ ጣራው ከተራራው ሳይለይ ግድግዳው ብቻ ተፈልፍሎ የቀረው፣ የተሰየመው ከሮም መጣ በሚባለው ጻድቅ በአባ ሊባኖስ ስም ነው፤ ትውፊቱ እንደሚለውም ያሠራችው የንጉሡ የላሊበላ ሚስት መስቀል ክብራ ናት። አንዲት የላስታ ንግሥት ለባዕድ መነኵሴ ዐለት አስፈልፍላ ቤት ሠራችለት፤ ከዚህ የበለጠ እንግዳ መቀበል የት አለ? ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ ወደ ታነጸው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሰውም ከቤተ መቅደሱ በስተ ጓሮ የብዙ ሰዎች አፅም ተጋድሞ ያገኛል፤ ትውፊቱ እነዚህ ከግብጽ፣ ከሶርያና ከኢየሩሳሌም መጥተው በዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላል። እንኳን ኖረው፣ ሞተውም ከላስታ አልተለዩም።

ሁሉም ሰው አይመንኵስም፣ ሁሉም ሰው በዋሻ አይቀበርም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ስለዚህ መካከለኛ ምሳሌ እንውሰድ። ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ገብቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ጾሙን፣ ቅዳሴውን፣ የካህናቱን ልብስ ሳይቀር አንድ በአንድ ጠይቆ ጻፈ፤ ያልተስማማውንም በቅንነት ተከራከረ። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ ሰው በጽሑፍ አስቀድሞ የገለጠ እርሱ ነው፤ ያየውን የሚያምነው እንዳይኖር ፈርቶም ስለ እውነተኛነቱ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ይህ ሰው የእኛን ሃይማኖት አልያዘም፤ እንግዳም ሆኖ መጥቶ እንግዳ ሆኖ ተመለሰ። ነገር ግን አክብሮ የጠየቀ፣ ጠይቆም እስኪረዳ የቆየ እንግዳ ነበረ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ተቃውሞ እመጣለሁ። አንተ ስለ ጾምና ስለ ነጠላ ትናገራለህ፤ እነዚህ ወጣቶች ግን የትምህርት ቤት ግድግዳ ይቀባሉ፣ ለሕፃናት መጽሐፍ ያመጣሉ፣ ለጕድጓድ ውኃ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ እምነት ያለ ሥራ ምውት አይደለምን? ይሉኛል። ጕድጓዱ ይቈፈር፤ የላስታ እናት በሦስት ሰዓት መንገድ ውኃ ተሸክማ ስትወጣ ያየ ሰው ይህን ሊቃወም አይችልም። ክርክሬ ሰጪው ብቻ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ብቻ ይቀበላል የሚለው ሥርዓት የእምነት አንድነት ተብሎ በመጠራቱ ነው። አንድነት ያለ መቀበል ከየት ይመጣል? ለገና በዓል ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጋይንትና ከጎጃም በሶና ድርቆሽ ሰንቆ በእግሩ የሚመጣውን ምእመን የላሊበላ ሰው እንዴት እንደሚቀበለው ልብ እንበል። ባለቤቲቱ ውኃ አሙቃ ትቀርባለች፤ እንግዳው ዝቅ ካለች ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ እርሷም በፊቱ ተንበርክካ፣ መንገድ የሰነጠቀውን ተረከዙን፣ በጣቶቹ መካከል የገባውን አቧራ ጭምር በእጇ እያሸች ታጥባለች፤ ከዚያም እግሩን ትስመዋለች፤ ራት ይቀርባል፤ መኝታ ይነጠፋል። ይህች ሴት ባለጸጋ አይደለችም፤ ያቀረበችው እንጀራ ለልጆቿ ያሰበችው ሊሆን ይችላል። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ በተነሣ ጊዜ እምቢ ያለው ጴጥሮስ ትሑት የሆነ መስሎት ነበር፤ ሳይታጠብ ግን ዕድል ፈንታ እንደማይኖረው ተነገረው። ለማገልገል ብቻ የሚመጣው ማኅበር በዚያ በጴጥሮስ ስሕተት ላይ ቆሟል። ከላስታ ሰው የሚቀበለው አንዳች ነገር እንዳለ አያስብም፤ ቢያስብም የሚቀበለው ፎቶግራፍና ጌጣጌጥ ነው። ደሀውን ሰጪ የመሆን ክብሩን ከነፈጉት በኋላ ወንድሜ ብሎ መጥራት ለደሀው ምን ይጠቅመዋል?

ሌላም የሚሸሸግ ነገር አለ፤ ስለ እምነት መካፈል ስንናገር ሁላችን ከአንድ ጽዋ እንደምንጠጣ አድርገን እንናገራለን። ከግብጽ፣ ከሶርያ፣ ከአርመንና ከሕንድ ማላንካራ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ይህ እውነት ነው፤ በጥር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ይህን አንድነት አጽንተዋል። እነርሱም ቢሆኑ ቅዳሴያቸው የየራሳቸው ዜማና ሥርዓት አለው፤ አንድነቱ ልዩነቱን አላጠፋውም። ከሌላው ወገን የመጣ ወጣት ግን በላሊበላ ቅዳሴ መቆም ይችላል እንጂ መቍረብ አይችልም። ይህን በግልጽ መንገር አስተናጋጆችን ያሳፍራቸዋል፤ ስለዚህ ቅዳሴው ሳያልቅ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል፣ ወይም በኋላ በሆቴሉ አዳራሽ አጭር ጸሎት አዘጋጅተው ይኸው እምነት ተካፈልን ይሉታል። እኔ ግን ያ ወጣት እስከ ፍጻሜው ቆሞ፣ ሕዝቡ ወደ ቍርባን ሲሄድ እርሱ ባለበት ቢቀር፣ ያን ቀን ስለ ክርስቲያኖች መለያየት ከብዙ ጉባኤ የበለጠ ይማራል እላለሁ። ሕመሙ እውነተኛ ስለ ሆነ ጸሎቱም እውነተኛ ይሆናል።

የእኛ ጥፋት ከእንግዶቹ ጥፋት ይከፋል። አብያተ ክርስቲያናቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ከተማይቱ እየለመደችው የመጣ ነገር አለ፤ ይኸውም ካህኑ መስቀል ይዞ ከመጋረጃው ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት፣ ለእንግዳ ሲባል በማንኛውም ሰዓት ከበሮ መምታት ነው። ምክንያቱን ዐውቃለሁ፤ በዚያች ከተማ ብዙ ቤተ ሰብ የሚያድረው በእንግዳ ገንዘብ ነው፤ ማጣታቸውን እንደ ስንፍና የሚቈጥር ሰው ዐመፀኛ ነው። ነገር ግን የቅርቡ ዘመን አንድ ነገር አስተምሮናል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ፤ መብራትና ስልክ፣ ባንክም ለወራት ተቋረጠ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ አልነበረም። ጦርነቱ ከከተማይቱ በራቀ በሳምንታት ውስጥ ግን ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ገና ሆነ፤ ካህናቱም በቤተ ማርያም ዙሪያ በዐለቱ አፋፍና በታች ባለው ዐፀድ ሆነው ቤዛ ኵሉን ወረቡ። የዚያን ቀን ወረብ ያዘዘው አስጎብኚ አልነበረም። ካህናቱ ራሳቸው ይህን እያወቁ፣ በነሐሴ ለሚመጣ ማኅበር ያለ ጊዜው የሚወርቡ ከሆነ፣ እንግዳውን የሚያስተምሩት ነገሩ ትርኢት መሆኑን ነው።

ከባሕር ማዶ ለሚመጡት ለራሳችን ልጆች ሳስብ ኀዘኔ ይበረታል። ለእነርሱ አገራቸውን ያዩ ዘንድ የተዘጋጀው መርሐ ግብር ለባዕዱ ከተዘጋጀው አይለይም፤ የባህል ምሽት፣ የአሸተን ማርያም ሽቅብ ጕዞ፣ አንድ ቀን ስጦታ ማከፋፈል። እነዚህ ልጆች በስደት አገር በኪራይ አዳራሽ ሲያስቀድሱ ያደጉ ናቸው፤ የሚጐድላቸው ትርኢት አይደለም። በነሐሴ 1 ቀን ይምጡ። ከአንድ የላስታ ቤተ ሰብ ጋር በአንድ መሶብ የጾም እንጀራ ይብሉ፤ ሌሊት በሰዓታት ይቁሙ፤ ሲደክማቸው ከጐናቸው ያለው ደብተራ መቋሚያ ይሰጣቸዋል፤ ቀን ቀን ደግሞ ከእነርሱ በዕድሜ የሚያንስ የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን ያስጠናቸው። አሥራ አምስት ቀን ያልሞላለት ሦስት ቀን ይጹም፤ የሦስት ቀን ሱባኤም ሱባኤ ነው። ጊዜ የለኝም፣ ጾሙም ይከብደኛል የሚል ቢኖር ጎብኚ ነኝ ብሎ ይምጣ፤ ጎብኚነት ነውር አይደለምና እርሱንም በክብር ይቀበሉታል፣ ዐለቱንም ያሳዩታል። በዚያ ጊዜ ግን ከሁለት ሰዓት የአዳራሽ ንግግር በላይ እምነትን መካፈል የሚለው ርእስ እንዳይጻፍ፣ የላሊበላ ካህናትና የጕዞው አዘጋጆች በሚመጣው ሐምሌ መርሐ ግብሩን ሲያሰናዱ ከወዲሁ ይስማሙ።